ከመቁረጥ በፊት መለየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፣ ጌታችን ራሱን እውነተኛ የወይን ግንድ፣ አባቱንም ገበሬ አድርጎ ሲያስተምር የሚቆረጠውን ቅርንጫፍና የሚጠራውን ቅርንጫፍ ለይቶ ተናግሯል (ዮሐ. 15፥1-2)። ሁለቱንም ስለት ይነካቸዋል፤ ፍጻሜያቸው ግን አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ዳዋ ከዋጠው አንድ ግቢ ተነሥቼ ላሳያችሁ።

ግቢው ከአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም አይርቅም። ባለቤቷ አረጋዊት እናት ናቸው፤ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ክፍሎቻቸውን በልብስ ስፌት ለሚተዳደሩ ወጣቶች ያከራያሉ። የሚከረክም ሰው ስላልነበረ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልሙት ቁጥቋጦዎች እርስ በርስ ተጠላልፈው መስኮቱን አጨልመው ነበር፤ አምሽተው ከሥራ ለሚመለሱ እኅቶችም መግቢያው ያስፈራ ነበር። በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ገጀራና መጋዝ ይዘን ሄድን።

አብረውን የነበሩ፣ በአትክልተኝነት ሥራ ያረጁ አንድ አባት ግን «መጀመሪያ የእያንዳንዱን ስም ንገሩኝ» አሉን። ለእኛ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ዳዋ ነበር። እርሳቸው እያሻሹና እየሰበሩ አስለዩን። ቅጠሉ ቀጭንና ሲነኩት የሚጣበቅ፣ ፍሬው እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ ያለው ክትክታ ነው። እሾሃሙ፣ ሲሰበር እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ የሚያወጣው አጋም ነው። ቅጠል የሌለው የሚመስለው አረንጓዴ በትር ቅንጭብ ነው፤ ፈሳሹ ዓይን ይጎዳልና በጥንቃቄ ይቆረጣል።

አቆራረጣቸውም እንደ ጠባያቸው ነው። ወይራ እስከ ጉቶው ቢቆረጥ እንኳ መልሶ ያቆጠቁጣል። የፈረንጅ ጥድ ግን አረንጓዴውን አልፎ እስከ ደረቁ እንጨት ከተቆረጠ ከዚያ ቦታ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ይከረከማል። የሞተ የመሰለውን ደግሞ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ያደርጉታል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው።

በዚያው ሰሞን ለወራት ከጉባኤ የቀሩ 11 አባላት ከመዝገብ ይሰረዙ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አብዛኞቹ የፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ከካህናት አባቶች ጋር ተመካክረን በቅድሚያ እየሄድን ጠየቅናቸው። ለአንዷ የጉባኤው ሰዓት የሥራ ፈረቃዋ ነው፤ የሚያስፈልጋት ሌላ ሰዓት እንጂ ተግሣጽ አይደለም። ሌላው በችግሩ አፍሮ ሸሽቷል፤ ጠንካራ ቃል ቢሰነዘርበት እንደ ጥዱ በዚያው ይደርቃል። ሦስተኛው በመጠጥ ተይዟል፤ «ዝም አትበሉኝ» ያለን ግን ራሱ ነው። እርሱ እንደ ወይራው ጠንካራውን መቁረጥ ይችላል፤ የንስሐ አባቱም በቅርብ ይዘውታል። በመዝገቡ ላይ ግን ሦስቱም የተጻፉት በአንድ ቃል ነበር፦ «ቀሪ»።

ቅዱስ ይሁዳም ሁሉን በአንድ መንገድ ያዙ አላለንም፤ የሚወቀስ አለ፣ ከእሳት የሚነጠቅ አለ፣ የሚራሩለትም አለ (ይሁዳ 1፥22-23)። የንስሐ አባት ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ቀኖና የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

ፍሬ ያጣችውን በለስ አስተውሉ (ሉቃ. 13፥6-9)። ሦስት ዓመት ተጠብቃ እንድትቆረጥ በታዘዘ ጊዜ አትክልተኛው የአንድ ዓመት ጊዜ ብቻ አልለመነም፤ ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያፈስባት ቃል ገባ። «ጊዜ ይሰጠው» ብሎ መቀመጥ ምሕረት አይሆንም፤ ምሕረት መኮትኮቻውን ያነሣል።

ከ11ዱ እስካሁን የተሰረዘ የለም፤ ሁሉም ተመልሰዋል ማለት ግን አይደለም። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ አጠገብህ ይቀመጥ የነበረው፣ አብሮሽ ይዘምር የነበረው ዛሬ የት ነው? «ጠፋ» ከማለታችን በፊት ደጁን እናንኳኳ። እኛም በንስሐ አባታችን ፊት ያለ መሸሸግ እንቁም፤ የሚገረዘውን እንዲለዩልን።

እውነተኛው ገበሬ ሁላችንንም ለፍሬ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።