ጎለምን የሠራው ኮምፒውተር አይደለም

«ኮምፒውተሩ ቢኖረን እኛም እንደ ሆሊውድ እንሠራ ነበር።» ስለ ፊልም በተነሣ ቁጥር ይህን አባባል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ልንገራችሁ።

ሰኞ ገበያ ላደግን የደሴ ልጆች ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን። ጁራሲክ ፓርክን አይተን ስንወጣ ክርክሩ ያው ነበር፦ ዳይኖሰሩ በእጅ የተሠራ ነው ወይስ የኮምፒውተር?

መልሱ ሁለቱም ነው። በፊልሙ ከሚታዩት ዳይኖሰሮች አብዛኛውን ደቂቃ የሚሸፍኑት የስታን ዊንስተን ቡድን የሠራቸው ትልልቅ ሜካኒካል አሻንጉሊቶች ናቸው። ሲሮጡ ያየናቸው ደግሞ የኮምፒውተር ናቸው። ለዚያ ሥራ መጀመሪያ የተመረጠው ፊል ቲፔት ነበር፤ ትንንሽ አሻንጉሊቶችን በእጁ እያንቀሳቀሰ ፍሬም በፍሬም የሚቀርጽ የድሮ ባለሙያ። በኮምፒውተር የተሠራውን ሙከራ ሲያይ ሙያው ያከተመ መሰለው። ስፒልበርግ ግን አላሰናበተውም። ኮምፒውተሩን የሚያውቁት ወጣቶች አንድ ከባድ እንስሳ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር እንዴት እንደሚያዛውር የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። የቲፔት ባልደረቦች መገጣጠሚያው ላይ መለኪያ ያለው የብረት አጽም ሠሩ፤ አጽሙን በእጅ ሲያንቀሳቅሱት ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዳይኖሰር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓለምን ያስደነገጠው ይህ የእጅና የማሽን ጋብቻ ነው።

ሞሽን ካፕቸርም ከዚህ አይርቅም። ተዋናዩ ምልክት የተለጠፈበት ጠባብ ልብስ ይለብሳል፤ ዙሪያውን ያሉ ካሜራዎች የእያንዳንዱን ምልክት ቦታ ይመዘግባሉ፤ ያ እንቅስቃሴ ለኮምፒውተሩ ፍጡር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሁለተኛ ክፍል ጎለምን የተጫወተው አንዲ ሰርኪስ መጀመሪያ የተፈለገው ለድምፁ ብቻ ነበር። ሲጫወት ሲያዩት ግን መላ አካሉ ተፈለገ። የፊቱን ስሜት ደግሞ አኒሜተሮች የእሱን ትወና እያዩ በትዕግሥት ሠሩት። ኮምፒውተሩ ያለ ሰውየው ባዶ ነው።

ለዚያው ተከታታይ ፊልም የሺዎች ጦርነት ማሲቭ የሚባል ሶፍትዌር ተሠራ። ጥቂት ሰዎች ሲመቱና ሲወድቁ ይቀረጻሉ፤ እንቅስቃሴያቸው ለብዙ ሺህ የኮምፒውተር ወታደር ይታደላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዓድዋ የሠራው ፊልም ዘጋቢ ነው፤ ጦርነቱን የሚያሳየን በሥዕልና በዘፈን፣ በአዛውንቶች አንደበት ነው። ሥራው ያማረ ነው። ግን ደሴን መዲናቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተሸነፉበትን ሰገሌን በተዋናይ እንሥራ ቢባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ያን ሁሉ ሰው ከየት እናመጣለን?» ነው። ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ አለ። ቀጣዩ ጥያቄ ነው የሚያሳስበኝ፦ እንቅስቃሴውን ማን ይሰጠናል? ማሽኑ የወሎ ሰው ሲፎክር ትከሻው እንዴት እንደሚነሣ አያውቅም። የሌላ አገር ሰው አካሄድ ተለጥፎበት «የወሎ ፈረሰኛ» ቢባል እናቴ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ትስቃለች።

ያን እንቅስቃሴ የሚያውቁ ሰዎች አሉን። እነ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነት የተነሣው ከዚሁ ምድር ነው። ኮምፒውተር የሚማሩት ልጆች ደግሞ ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታች፣ ኮምቦልቻ አሉ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲሠሩ ግን አላየሁም። ሶፍትዌሩ ሰበብ አይሆንም፤ ብሌንደር በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው ፍሎው በእሱ የተሠራ ነው። የላትቪያ ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ላይፍ ኦፍ ፓይ ላይ ያን የሚያስደንቅ ነብር የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ኪሳራ አወጀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊልሙ በዚያው ሥራ ኦስካር ወሰደ፤ ከአዳራሹ ውጭ የሙያው ሠራተኞች ሰልፍ ወጥተው ነበር። መድረክ ላይ የወጣው ባለሙያ ስለ ድርጅቱ መናገር ሲጀምር በሙዚቃ ተቋረጠ። ነብሩ ተሸለመ፣ ሠሪዎቹ ሥራ ፈቱ።

ስለዚህ ነገ አንድ ድርጅት ካሜራውን ይዞ መጥቶ የእስክስታ ባለሙያዎቻችንን ትከሻ ቢቀርጽ፣ ያ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ይሸጣል። ባለ ትከሻው የሚከፈለው ግን የአንድ ቀን አበል ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ ስሙም ድርሻውም መጻፍ ያለበት ካሜራው ከመብራቱ በፊት ነው። የባህል ቢሮዎቻችንና የጥበብ ማኅበሮቻችን ኮምፒውተር ከመለመን በፊት ይህን ውል ያርቅቁ።

ማሽኑ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል። ሲመጣ የሚቀዳውን ሰው ከነክብሩ ያግኘው።