የሁለት ደቂቃ በረራ

ዌስትሬይ ደሴት ላይ አርፈን ሁለት ሰዎች ወረዱ። የቀረነው ሦስት ነን። እኔ የተቀመጥኩት ከአብራሪው ጎን ነው፤ ክርናችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሞተሮቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ሣሩ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግራጫው ባሕር ከሥራችን ታየ፤ ወዲያውም አብራሪው ለማረፍ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ታች መለሰ። ፓፓ ዌስትሬይ ደረስን። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ በረራው ሁለት ደቂቃ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ ያጠረ መደበኛ በረራ የለም። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መምህር፣ ሐኪምና ሕመምተኛ ሲመላለሱበት ኖረዋል። በእግር ቢሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግን መካከሉ ባሕር ነው።

ስኮትላንድ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ወደሚገኙባቸው ወደ ኦርክኒ ደሴቶች ያሻገረኝ የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ካፒቴን ኤድመንድ ፍሬሰን እንግሊዛዊ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአብራሪነት አገልግሏል። በ1931 ወደ ኦርክኒ የመጣው ሰዎችን በክፍያ እያሳፈረ አገራቸውን ከሰማይ ሊያሳይ ነበር። ሲመጣ ግን ደሴቶቹን ከዋናው ምድር የሚለየውን ፔንትላንድ ፈርዝ የተባለውን ክፉ ባሕር አየ። ማዕበሉ ሲነሳ መርከብ የሚሰቃይበትን ያን ውኃ አውሮፕላን በደቂቃዎች ይሻገረዋል። ማኮብኮቢያ ስላልነበረ ከገበሬ ጋር እየተነጋገረ፣ ማሳውን በእግሩ እየረገጠ ማረፊያ መረጠ። (እኛም አገር ዳኮታ የሚባሉት አውሮፕላኖች በሚበሩበት ዘመን፣ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ሊያርፍ ሲል ከብት ይባረር እንደነበር ሽማግሌዎች ያወጋሉ። ይህን ሳነብ እነሱን አስታወስኩ።)

ግንቦት 8 ቀን 1933 (እ.ኤ.አ.) በዋናው ምድር ካለችው ኢንቨርነስ በዊክ በኩል ወደ ኦርክኒዋ ከተማ ከርክዎል መደበኛ በረራ ጀመረ። አውሮፕላኗ ሞኖስፓር የምትባል፣ ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ ነበረች። ከተሳፋሪ ጋር ስኮትስማን ጋዜጣን ጫነች፤ የከርክዎል ሰው የዕለቱን ጋዜጣ በዕለቱ አነበበ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት 29 ቀን ደግሞ በብሪታንያ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ በተራው ቴምብር፣ ደብዳቤ በአየር ማመላለስ ጀመረ። ይህን አደራ ያገኘው ጭጋግና ነፋስ በማይለቀው አገር ሰዓቱን ጠብቆ መብረር እንደሚቻል በተግባር ስላሳየ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከድፍረቱ ይልቅ ይህ ነው። ደፋር አብራሪ በዘመኑ ሞልቶ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ለማሳከም “ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ይመጣል” ብላ እንድትተኛ ያደረገ ግን ጥቂት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአየር መንገዶቹ የመንግሥት ሆኑ። እሱም የመሠረተው መስመር ሲቀጥል በ1948 ከሥራ ተሰናበተ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። በ1963 አረፈ።

ፓፓ ዌስትሬይ ስንወርድ ነፋሱ የካፖርቴን ጫፍ ይገለባብጠዋል። ከማረፊያው ትንሽ ቤት አጠገብ የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል። ከደቂቃዎች በኋላ አውሮፕላኗ ሌሎች ተሳፋሪዎችን ይዛ በረረች።

ኢንቨርነስ አውሮፕላን ማረፊያ የምታልፉ ወገኖች ካላችሁ፣ እዚያ የፍሬሰን ሐውልት አለ። ሳትቸኩሉ ቆም ብላችሁ እዩት።