ብረት የለበሰ ሁሉ
ባለፈው ክረምት ከቢቸና ወደ ሞጣ የተጓዝሁት፣ በ1991 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት አንድ እግሩን ያጣውን ታላቅ ወንድሜን ለመጠየቅ ነበር። የሰባት ዓመት ልጄም አብሮኝ ነበር። ማታ «ሴንቱሪየንስ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የተሠራውንና 65 ክፍሎች ያሉትን የካርቱን ፊልም በእጅ ስልኬ ተመለከትን።

ማክስ ሬይ በባሕር፣ ጄክ ሮክዌል በየብስ፣ ኤስ ማክላውድ በአየር ይዋጋሉ። ክሪስታል ኬን ከጠፈር ጣቢያ የምትልክላቸው መሣሪያ ከጥሩራቸው ጋር ይገጠማል። ጠላቶቻቸው ዶክ ቴረርና ሃከር ግን ገሚስ አካላቸው ሥጋ፣ ገሚሱ ማሽን ነው።

ልጄ የአጎቱን ሰው ሠራሽ እግር ትክ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ እርስዎም እንደ ዶክ ቴረር ነዎት?» አለ። በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። ወንድሜ እግሩን ፈትቶ በልጁ ጭን ላይ አኖረ። «ያዘው። በዚህ ገበያ እደርስበታለሁ፤ ማንንም አልረገጥሁበትም» አለው።

ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ጀግኖቹም ብረት ለባሾች ናቸው፤ ልዩነቱ የእነርሱ መውለቁ፣ የክፉዎቹ ከገላ መዋሐዱ ነው። ፊልሙ ክፋትን በአካል ላይ ምልክት አድርጎ አኖረው። እኛም መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ በተረታችንና በመድረካችን አንካሳውን መሳቂያ ስናደርግ ከዚህ ስሕተት አልራቅንም።

በማግሥቱ ማለዳ ልጄ እግሩን በሁለት እጁ ታቅፎ ለአጎቱ አቀረበ። በፊልሙ ውስጥ መሣሪያ የሚቀርብለት ጀግናው ነው።