የዶሮ እግር ያለበት ሰዓት

አያቴ ትተውልን ካለፉት ጥቂት ነገር ዋነኛው አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ገጹ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭ፤ የሰኮንድ ቆጣሪው ከታች በትንሽ ክብ ውስጥ ለብቻው ይዞራል። አባቴ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ከሣጥን ያወጡታል፤ ይሞሉታል፤ ታሪኩንም ይነግሩናል። ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡባት በዚያች ቀን፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን የአያቴን ጀግንነት አይቶ ሰዓቱን ከገዛ እጁ ፈትቶ አሰረላቸው። ልጆች ሳለን ይህን ታሪክ ከተረት ሁሉ አስበልጠን እንወደው ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬ ሄዷል። የዚህን ሰዓት ነገር አጣርተህ ለልጆችህ ጻፍላቸው» አሉኝ። ይዤው መርካቶ ወደ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ሄድሁ። የኋላ ክዳኑን በጨርቅ ወልውለው በማጉያ መነጽራቸው አዩት። እኛ ቤት «የዶሮ እግር» የምንለው ምልክት አለበት።

«የዶሮ እግር አይደለም፤ ቀስት ነው» አሉኝ። «የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ነው።»

ከቀስቱ አጠገብ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ደብልዩ ተቀርጿል። የዛሬ ልጅ ቢያየው የድረ ገጽ አድራሻ ይመስለዋል።

የቀረውን ራሴ አንብቤ ደረስሁበት። ሦስቱ ፊደላት «ውኃ የማያስገባ የእጅ ሰዓት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የቆሙ ናቸው። የእንግሊዝ ጦር ጥቁር ገጽ፣ በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮችና በቀላሉ የማይሰበር መስተዋት ያለው ሰዓት እንዲሠራለት ለ12 ኩባንያዎች አዘዘ። ኦሜጋና ሎንጂን ከእነዚያ መካከል ነበሩ፤ የእኛው ሲማ ነው። በክዳኑ ላይ ካሉት ሁለት ቁጥሮች አንዱ የፋብሪካው፣ ከፊቱ ፊደል ያለው ደግሞ የጦሩ መዝገብ ነው። ሰዓቶቹ ለጦሩ የደረሱት ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ!

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ክር ሲመዘዝ ጋቢው ሁሉ እንዳይተረተር ፈራሁ። አያቴ ከነጻነት በኋላ በመደበኛው ጦር ውስጥ አገልግለዋል፤ ያንን ጦር ሲያሠለጥን የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ደግሞ እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቷል። ሰዓቱ በዚያ በኩል መጥቶ ይሆናል። ተሸልመውት ይሁን፣ ገዝተውት ይሁን፣ ቀስቱም ቁጥሩም አይናገሩም። የተሠራበትን ዘመን ይመሰክራሉ እንጂ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበትን መንገድ አያውቁም።

ለአባቴ ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልሁ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ነገርኋቸው።

«አባባ፣ ሰዓቱ በዚያ ቀን የተሰጠ ሊሆን አይችልም። ያን ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር።»

ዝም አሉ። ሰዓቱን አንሥተው ጆሯቸው ላይ አስጠጉት።

«አባቴ እኮ ስለዚህ ሰዓት አንድም ቀን አጫውተውኝ አያውቁም» አሉ ቆይተው። «ከየት መጣ ብዬ ስጠይቃቸው ‹ሙላው፣ እንዳይቆም› ብቻ ነበር የሚሉኝ። ታሪኩን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሳቸው ያረፉ ዕለት፣ ለቅሶዬን አላቆም ብያት።»

ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? እኔ ስመረምር የከረምሁት የአያቴን ሰዓት ነበር፤ ያገኘሁት ግን አባቱ የሞተበትን ልጅ የምታባብል የአንዲት እናት ድምፅ ነው።

በተከታዩ ሚያዝያ 27 አባቴ እንደ ወትሮው ሰዓቱን አወጡ። አያቴ በዱር በገደል ያሳለፉትን አምስት ዓመት ተረኩ። ሰዓቱ በኋላ የመጣ መሆኑን፣ ከየት እንደ መጣም አለመታወቁን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ቀጥለውም፣ «እናቴ ግን እንዲህ ትለኝ ነበር» ብለው ያንኑ የጥንቱን ታሪክ ከመኮንኑ ጋር፣ አንድም ቃል ሳይቀንሱ ነገሩን።

ሲጨርሱ ሰዓቱን ለልጄ ሰጧት።

«ሙዪው» አሏት፤ «እንዳይቆም።»