የመኪና ላይ ቤትና እናታችን

ሰው ዕቃ ገዝቶ የሚጸጸተው ሁልጊዜ ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገውን ሳያውቅ ገበያ ስለወጣ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ከደረሰ ነገር ስለሆነ ላጫውታችሁ።

የምንኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን ከተማ ነው። እናታችን ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች። ለሕክምና አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ኩርምት ብላ ውላ ስትወርድ እግሯ አልታዘዝ ይላታል። ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳዝናት ግን በመንገድ ላይ ውዱእ የምታደርግበትና የምትሰግድበት ቦታ ማጣቷ ነበር። በመጨረሻም «ከእንግዲህ አልሄድም፤ እዚሁ አላህ ያለውን እጠብቃለሁ» አለች። ይህን ስንሰማ ደነገጥን።

አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በፒካፕ መኪና ካሶኒ ላይ የሚጫን፣ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው ትንሽ ቤት ነበር። እኔም ለንግዴ የምጠቀምበት ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ስላለኝ ወዲያው ብየዳ ቤት ሄጄ የካሶኒውን ርዝመትና ስፋት አስለካሁ።

ወንድሜ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ምረጥ» አለኝ። እንዲህ ያለው ቤት በሦስት መልክ ይሠራል። አንደኛው ግድግዳውም ጣሪያውም ጠንካራ ነው፤ ለብርድ ይመቻል፤ ነገር ግን ከባድና ረጅም ነው። ሁለተኛው መኪናው ሲጓዝ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ሲቆም ወደ ላይ ይነሣል። የሚነሣው ክፍል ሸራ ስለሆነ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የደጋን ሌሊት ግን በደንብ አይመክትም። ሦስተኛው ከሥሩ ፍራሽ የሚነጠፍበት ካኖፒ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልበትም፤ ግን ቀላልና ርካሽ ነው።

እኔ አንደኛውን ወደድኩ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ። መኪናዬ የሚሸከመው 1,000 ኪሎ ነው እንበል። አራት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 280 ኪሎ ሆነ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 100 ሊትር ውሃ ሌላ 100 ኪሎ ነው። ለዕቃ 100 ኪሎ ብንጨምር ለቤቱ የሚተርፈው 520 ኪሎ ብቻ ነው። በፎቶግራፍ ያየሁት ቤት ባዶውን 900 ኪሎ ይመዝናል! ደግሞስ የምንሻገረው የዓባይን በረሃ አይደለምን? ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከላይ የከበደ መኪና በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ይወዛወዛል፤ ፍሬኑም ይግላል።

ለብርዱ የከሰል ምድጃ አስገባለሁ ብዬም አስቤ ነበር። በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው የተኛን ሰው ይገድላል። አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህን ሐሳብ ቶሎ ተውኩት።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ «መኪናው ሲጓዝ ቤቱ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ቀበቶ ያለው ጋቢና ውስጥ ነው» ሲለኝ ወደ እናታችን ሄድኩ። እጇን ይዤ መኪናው ኋላ አቆምኳት። የካሶኒው ወለል ወገቧ ላይ ደረሰ። አልጋው ደግሞ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ሊሆን ነበር። ቀና ብላ አየችውና፣

«ልጄ፣ እዚያ ላይ የምወጣ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት ምን ሊያደርግልኝ እሄዳለሁ?» አለችኝ።

አፈርኩ። መኪናውን በሜትር ስለካ እናቴን አልጠየቅኋትም ነበር።

«ታዲያ እማዬ፣ ምን ይሻልሻል?» አልኳት።

«እግሬን ልዘርጋ፣ ውዱእ ላድርግ፣ ተቀምጬ ልስገድ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

በዚሁ መሠረት ሦስተኛውን ዓይነት መረጥን። ቀላል ካኖፒ አሠራን፤ ከሥሩ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ታጣፊ ወንበርና ምንጣፍ ተቀመጠ። እናታችን ከፊት ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ትሄዳለች። በየሰዓቱ እንቆማለን። ወንበሯን መሬት ላይ ወደ ቂብላ እናዞራለን፤ ቂብላ ከእኛ አገር ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ጠባቡ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለሶላት መኪናውን ራሱን ማዞር ሊያስፈልገን ነበር። ማታ ደጀን ላይ ምድር ቤት ክፍል ይዘንላት ታድራለች፤ ካኖፒው ውስጥ የማድረው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዋን አላስቀረችም።

ወንድሞችና እህቶች! እንዲህ ያለ ነገር ስታስቡ መጀመሪያ ማን እንደሚያድርበት፣ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ መንገዱ ምን እንደሆነ ጠይቁ። የመኪናው አቅምና ዋጋው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በተለይ ለወላጆቻችሁ ከሆነ፣ ከማስለካታችሁ በፊት እነርሱን ጠይቋቸው። አላህ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን።