ከቦሌ እስከ ደለስ

ባለቤቴ ለሥራ ወደ ዋሽንግተን ከሄደች እነሆ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ ከሁለት ልጆቻችን ጋር አዲስ አበባ ነኝ፤ የእኛ የጉዞ ወረቀት ገና አላለቀም። ወዳጆቻችን ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ፣ «ምን አለ? ዛሬ ማታ ብትሳፈር ነገ እዚያ ነህ» ይሉኛል። በቅንነት የተባለ ነው። መንገዱ ራሱ ግን ሌላ ነገር አስተምሮኛል።

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዋሽንግተን አጠገብ እስካለው ደለስ ድረስ በአየር ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ርቀቱ ከወዲህም ከወዲያም አንድ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድ አይደለም። ከደለስ የተነሣ አውሮፕላን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሣው ግን ለብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ ደብሊን፣ ሌላ ጊዜ ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። እንዲህ ሲሆን ጉዞው 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው ነፋስ ነው። በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ወደ አገሩ የሚመለሰውን ከኋላ ይገፋዋል፤ የሚሄደውን ግን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። በመካከላችን ያለው ርቀት አንድ ነው፤ ሸክማችን ግን ይለያያል። እኔ በቤቴና በልጆቼ መካከል ነኝ። እርሷ የሌሊት ሥራ ሠርታ ማንም ወደሌለበት ክፍል ትገባለች። እርሷ ደግሞ፣ «አንተ እኮ ልጅ ሲታመም ብቻህን ነህ» ትለኛለች። ማን የበለጠ ደከመ ብለን መቁጠር ከጀመርን ሁለታችንም እንከስራለን።

ወሬያችን ሁሉ ስለ ገንዘብና ስለ ወረቀት ብቻ የሆነበት ወቅት ነበር። ልጆቹም ለእናታቸው በሁለት ቃል መልሰው ስልኩን ለእኔ ይሰጡኝ ጀመር። ያኔ ፈራን። ተመካክረንም አንድ ሰዓት ቆረጥን፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እርሷ ከእንቅልፏ የምትነሣበት። አሜሪካኖቹ በጥቅምት መጨረሻና በመጋቢት መግቢያ ግድም ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፣ የእኛ 2 ሰዓት ለእርሷ አንዳንዴ የቀኑ 6፣ አንዳንዴ የቀኑ 7 ይሆናል። ሁለቱንም ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ ገንዘብ አይነሣም። ልጆቹ የዋሉበትን ይነግሯታል፤ ከዚያ አብረን እንጸልያለን። ባለቤቴ ይህን ሰዓት «ደብሊናችን» ትለዋለች።

ውድ አንባቢያን፣ ከመካከላችሁ ለመለያየት የተዘጋጃችሁ ባልና ሚስት ካላችሁ፣ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። መንገድ ላይ የት አርፋችሁ ነዳጅ እንደምትቀዱ ሳትነሡ ተነጋገሩ። ጎረቤታችሁ የቀረ አባት ወይም የቀረች እናት ካሉም፣ «ቅርብ እኮ ነው» ከማለት ይልቅ አንድ ቀን ማታ ሄዳችሁ አብራችኋቸው እራት ብሉ።