የቤተሰብ መኪና የኋላ እግር

የመኪናን ጤንነት በሞተሩ ድምፅ ብቻ የሚመዝኑ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ሞተር ሲጠፋ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ በኋላ ጎማ ሞዞ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ሲያልቅ ግን ጎማው በጉዞ ላይ ሊነቀል ይችላል። በቤተሰብ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያ ጎማ በላይ የሚቀመጡት ዘወትር ሕፃናት ናቸው።

ከመተማ በገላባት በኩል እስከ ገዳሪፍ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ምድር ብረትን ክፉኛ የሚፈትን ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት እንደ ሙጫ ይይዛል። አቧራው ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ይበላል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ከሱዳን ተነስቶ በገላባት ላይ ባደረሰው ጥቃት፣ ከ12ቱ ታንኮቹ አብዛኞቹ በቋጥኝና በፈንጂ ተበላሽተው ቆሙ። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ድብደባም ተጨምሮበት መተማን ለመያዝ ሳይችል ቀረ። ታንክን ያቆመ ምድር ለቤተሰብ መኪና አይራራም።

ይህንኑ በዓይናችን ለማየት በቅተናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ ከመጡት ስደተኞች መካከል አንድ ቤተሰብ በአሮጌ ላንድ ክሩዘር ደረሰ። አባት፣ እናት፣ አራት ልጆችና የቤት ዕቃ ተጭነውባታል፤ በስተኋላ ወደ ቀኝ ዘማለች።

«ኡስታ፣ ጎንደር ታደርሰናለች?» ሲል አባትየው መካኒካችንን ጠየቀው።

ዐረብኛ አዋቂው ሃምሳ አለቃ እጁን ወደ ቀኙ ሞዞ አስጠግቶ ፈጥኖ አነሳ። ሁለቱን ጎማዎች እንዲያነጻጽሩም ጋበዛቸው፤ ግራው ለብ ያለ፣ ቀኙ የሚያቃጥል ነበር።

ጭነቱ ወረደ፤ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ታገዱ። መኪናዋ በክሪክ ከተነሳች በኋላ የብረት መቆሚያ ከሥሯ ገባ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት በነፍስ መቀለድ ነውና። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ተወዛወዘ። ሞዞው ሲከፈት ግራሶው ደርቆ፣ የኩሽኔታው ተንከባላይ ብረቶች ተቦርቡረው ተገኙ። ከባሌስትራውም ዝርግ ብረቶች አንዱ ተሰብሯል።

መለዋወጫው ከጎንደር እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። አባትየው ግራሶ ብቻ ተቀብቶ ጉዞው እንዲቀጥል አጥብቆ ለመነ። መልስ የሰጡት እናቲቱ ናቸው።

«ከጥይት ያወጣኋቸውን ልጆች ለጎማ አልሰጥም።»

ቤተሰቡ ሁለቱን ቀን በትዕግሥት ቆየ። አዲሱ ኩሽኔታ ከውጭ ቀለበቱ ጋር አብሮ ተተካ፤ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ዕድሜ የለውም። ግራሶው በየተንከባላዩ መካከል በእጅ ተጠቀጠቀ። ማሰሪያው ጎማው እየተሽከረከረ ጠበቀ፤ ከዚያ ላላ፤ በመጨረሻም በልኩ ተመልሶ ጠብቆ ተቆለፈ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይነዳል፤ የላላም ይወዛወዛል። መኪናዋ ሚዛኗን እንድትጠብቅ ባሌስትራዎቹ በሁለቱም ጎን ተለወጡ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር ሙከራ በኋላ ሁለቱ ሞዞዎች በእጅ ሲዳሰሱ እኩል ለብ ብለው ተገኙ።

እነዚያን እናት ስናስብ የሚደንቀን ጥበባቸው ነው። ስለ ሞዞ አንዳች አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን የሁለት ቀን መዘግየት ከምን ጋር እንደሚመዘን ያውቁ ነበር። እኛ ወታደሮች ስለ ጥንቃቄ አዘውትረን እናስተምራለን፤ ያን ዕለት ግን ተማሪዎች ሆንን።

ስለዚህ፣ ውድ የዓምዳችን ተከታታዮች፣ ለመንገድ ስትነሱ መኪናው ዘሞ እንደሆነ ከኋላው ቆማችሁ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ማረፊያም እጃችሁን ወደ አራቱም ሞዞዎች በጥንቃቄ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ፣ ወይም ሲሽከረከር የወፍጮ ድምፅ ካሰማ፣ ልጆቹን አውርዱና መካኒክ ጥሩ። የዘገየ እንግዳ እራቱ ይጠብቀዋል።